ያልመጣ መርዶ

አሰብ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ አሰጋሽ፣
ኮምቦልቻ

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከዚህ ሙቀት በቀር ምንም አልሆንኩም። ጥቅምት ቢገባም አሰብ ገና አልበረደላትም፤ የነዳጅ ማጣሪያው ግቢ ውስጥ ቧንቧ በባዶ እጅ አይነካም፣ አልጋችንንም እንደ ሐምሌ ሁሉ ደጅ አውጥተን ነው የምንተኛው።

ደብዳቤሽን ሾፌር ፍቅሬ አሰብ ሰጊር ሰፈር እቤቴ ድረስ አምጥቶ ሰጥቶኛል። ቆሎውም ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነውና አትቀየሚኝ።

ቸሩ ለምን ዝም እንዳለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ወንድምሽ ለሥራ ወደ ደሴቶቹ ወጥቷል። ታውቂው የለ፣ የወደቡ ጠላቂ እሱ ነው፤ የመርከብ ሆድ ይታይ ቢባል፣ ከባሕር ሥር ያለ ቧንቧ ይፈተሽ ቢባል የሚወርደው እሱ ነው። እዚያ ደግሞ ፖስታ የለም። መቼ እንደሚመለስ በትክክል አልተነገረኝም።

ጎረቤቶችሽስ ደህና ናቸው? ማንጠግቦሽ አሁንም ከጎንሽ ናት? ብቻሽን ባትሆኚ ደስ ይለኝ ነበር። ክረምቱ አልፎ መንገዱም ደርቋልና፣ ከባቲ ዘመድ መጥቶ አብሮሽ ቢከርም መልካም ነው። ደም ብዛትሽስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ።

እንደ ወንድምሽ የምታይኝ
ንጋቱ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ንጋቱ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን ፊደል አንተን ለመቆጣት አውለዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔ ደም ብዛት የለብኝም። ደም ብዛት እንዳለብኝ የሰማሁት ካንተ ነው። በቤቴ ያደግህ ልጅ፣ ከቸሩ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላህ የተጎራረስክ፣ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። ጎረቤትሽ ደህና ነው ወይ፣ ብቻሽን ነሽ ወይ፣ ዘመድ ቢመጣ ምን አለበት እየተባለ የሚጻፈው መርዶ ሲታሰብ ነው። ደብዳቤ መርዶ አያወጣም፤ ደብዳቤ ቤቱን ያሰናዳል፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ መጥተው በር ያንኳኳሉ። አባታችንን እንዲሁ ነው ያረዱኝ። ስለዚህ ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሳሁ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። በሁለተኛውም ቀን ተቀመጥኩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። አንድ ቀን የብዙ ሰው ኮቴ ሰምቼ፣ ሳያንኳኩ ራሴ በሩን ከፈትኩት፤ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው፣ እነሱም ደነገጡ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን ተነስቼ ሽሮ ሠራሁና ጥግብ እስክል በላሁ። መርዶ ካልመጣ ወንድሜ አለ ማለት ነው።

ካለ ደግሞ የት ነው? እናታችን ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዬ ነው ያደገው። ምጽዋ ሄዶ መጥለቅ ሲማር ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። መጨረሻ የጻፈልኝ ነሐሴ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ሑመድ ከሚሉት ዓሣ አጥማጅ ጋር ወደ ደሴቶቹ እየሄደ፣ ውሃው እንዲወስደው ይለቀቃል አሉ! አይዋኝ፣ አይቀዝፍ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። «እትዬ፣ አውቶቡስ በይው፤ ገብተሽ መቀመጥ ብቻ ነው፣ መርጃን የሚሉት የባሕር ድንጋይ ከነቀለሙ በመስኮትሽ ያልፋል» ይለኛል። ሻርኮቹም ወራጁን ውሃ ፊት ለፊት ተቀብለው፣ እንደ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ማንም ማንንም አይነካም ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ስለት ተሳልኩ።

መጠየቅ የምፈልገውን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። እሷን አንብበህ ቅደዳት። ደብዳቤህንም በፖስታ ሳይሆን በፍቅሬ እጅ ላክ። ሁለተኛ ደግሞ እንዳትዋሸኝ።

አሰጋሽ


አሰብ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አሰጋሽ፣

ትንሿን ወረቀት አንብቤ ቀድጃታለሁ። ስላስቆጣሁሽ ይቅርታ። ዘጠኝ ቀን በር ሥር መቀመጥሽን ሳነብ ራሴን ጠላሁ።

አልታሰረም። አልታመመምም። የፈራሽው የሴት ነገር የለም፤ ቢኖር ኖሮ ካንቺ ቀድሜ ባላውቅ እንኳ አብሬሽ እሰማው ነበር። ስለ ሻርኮቹ የጠየቅሽኝን ግን አሁን እንዳልመልስ ፍቀጂልኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። ጥቅምት 7 ቀን፣ እሁድ ነው። ቸሩ የሚወድደውን ያንን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት አልገባኝም ብለሻል። ጠላቂው የአየር ቦምቦላውን አዝሎ ከደሴቱ አፍንጫ ላይ ይወርዳል፣ ወራጁ ውሃ ይቀበለውና በመርጃኑ ግድግዳ ሥር ይዞት ይሄዳል። እሱ ከውሃው ጋር አይታገልም። ከላይ ያለው ጀልባ ሞተሩን ዝግ አድርጎ፣ የትንፋሹን አረፋ እያየ ይከተለዋል። የሚወርድበትና የሚወጣበት ቦታ አይገናኝም፤ አንዳንዴ በመካከሉ ከኮምቦልቻ እስከ ገርባ ካለው መንገድ ሩቡን ያህል ይሆናል። ሁልጊዜ ጀልባውን የሚይዘው ባለቤቱ ሑመድ ነበር። ያን ሰሞን ሑመድ ልጁን ሐስናን ሊድር ዒድ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዶ ነበርና መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቸሩ እየሳቀ ወረደ። ተከተልኩት። ሲወጣ አላየሁትም።

ለሚመለከተው ክፍል ይህንኑ ቃል ሰጥቻለሁ። ሁለት ቀን ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ አንደኛው ሰውዬ እስክሪብቶውን ዘግቶ፣ «ጀልባው ከተከተለው፣ ሰውየው ካልወጣ፣ ሬሳም ካልተገኘ፣ ሌላ ጀልባ ቀጠሮ ይዞ ወስዶታል ማለት ነው» አለ። በዚያ በኩል ሳምቡክ የሚሏቸው የየመን ጀልባዎች ያልፋሉ፤ ነፋስ ከረዳ ማዶ ያለችው ሞካ የአንድ ሌሊት መንገድ ናት። ስንቱ ሰው በዚያ እንደወጣ አንቺም ትሰሚያለሽ። መዝገቡ ላይ ከድቶ ወደ የመን ሄዷል ተብሎ ተጻፈ።

አንተስ ምን ትላለህ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እኔ አላውቅም እትዬ። ይህን ሁለት ወር ስለደበቅሁሽ ማሪኝ።

ንጋቱ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

የኔ ወንድም ንጋቱ፣

እንደምን ከርመሃል? ልብህ፣ ሆድህ፣ ያ ከንቱ ፍርሃትህ ሁሉ እንደምን ከረመ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ደብዳቤህን ጨርሼ ሳነብ እልልታ ሊያመልጠኝ ሲል ትራስ ነክሼ ዋጥኩት።

የመን! ምነው ይህን መጀመሪያውኑ ብትለኝ? ደም ብዛት እያልክ ልታሰናዳኝ ተነሳህ እንጂ። አንተ ድሮም ፈሪ ነህ፤ ቸሩ ቦርከና ዋና ሲገባ አንተ ልብሱን ይዘህ ዳር ትቆም ነበር፣ እንዲህ ስታለቅስ ደግሞ እዚያ ድረስ እየሮጥኩ መጥቼ ማን ሞተ እል ነበር።

ቀበሌ ጠርተውኛል። ወንድምሽ አገሩን ከድቷል አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ጥቂት አለቀስኩላቸው፤ ለቅሶ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል። ከሴቶች ማኅበር አመራርነት አወረዱኝ፣ ሰልፍ ላይም ከኋላ ሂጂ ተባልኩ። ስብሰባው ቀረልኝ፣ እግሬም አረፈ። ማንጠግቦሽ ብቻ ናት እንደ ድሮዋ የምትመጣው፤ የሌሎቹ ሰላምታ ቀዝቅዟል። ይቀዝቅዝ። ከሃዲ ይበሉት፣ እኔንም የከሃዲ እህት ይበሉኝ። ከሃዲ እኮ ይተነፍሳል፣ ንጋቱ። ከሃዲ አንድ ቀን ደብዳቤ ይጽፋል።

ከዚህ ጋር በርበሬ ልኬያለሁ፤ በቆርቆሮ አድርጌ አፉን በጨርቅ ሰፍቼዋለሁ። ያ ሑመድ የሳምቡክ ሰዎች ያውቃል ብሎ ቸሩ ነግሮኛልና በእነሱ እጅ ይሻገርለት። የዚያ አገር ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር እንጃ። ለሑመድ ሰላም በልልኝ፤ ልጁን ለመዳሩም መርሐባ በለው፣ ወይም እነሱ የሚሉትን በልልኝ።

እህትህ አሰጋሽ


አሰብ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ አሰጋሽ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ ያው ነው፤ ሙቀቱ ሊጀምር ነው፣ ሰዉም ከአሁኑ አልጋውን እያወጣ ነው።

ከበርበሬው ጋር የላክሽውም፣ ከዚያ በኋላ የጻፍሽውም ደብዳቤ ደርሰውኛል። በርበሬው ለሳምቡክ ሰዎች ተሰጥቷል። ከሞካ እስካሁን መልስ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይወስዳል ይላሉ፤ አድራሻ ሳይኖር ሰው በባዕድ አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለሑመድ ሰላምታሽን አድርሻለሁ። «አልሐምዱሊላሂ በላት» አለኝ። ከዒድ ከተመለሰ ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙ አይነጋገርም። በምን እንደተቀያየማችሁ ንገረኝ ብለሻል፤ አልተቀያየምንም፣ እሱም ሥራ አለው፣ እኔም ፈረቃዬ ተለውጧል።

የእጅ ጽሑፍህ ተበላሽቷል ላልሽው፣ እስክሪብቶው ነው። እየበላህ ነው ወይ ላልሽውም፣ አዎ እየበላሁ ነው። ለእኔ አትጨነቂ። የሚጨነቁለት ሰው እኔ አይደለሁም።

እዚህ ያለውን ልብሱን ላክልኝ ላልሽው፣ ሻንጣውን ያኔውኑ ክፍሉ ወስዶታል፣ አልመለሱልኝም። አንቺ ጋ ያለውን በብል እንዳይበላ አናፍሺው።

አክባሪሽ ንጋቱ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ንጋቱ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። በዚህኛው ደብዳቤ ትንሽ ወረቀት የለችም። የምጠይቀው አልቋል።

አሥራት የሚባለውን የማንጠግቦሽን ልጅ ታስታውሰዋለህ፤ ያ ንፍጡን መጥረግ የማያውቀው። ባለፈው መስከረም በዚያው በእናንተ በኩል ወጣ። አራት ወር እንኳ አልሞላውም። ለገና ከሰንዓ ደብዳቤው መጣ፣ ከነፎቶው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ማንጠግቦሽ ፎቶውን ይዛ መጣችና ልታሳየኝ ፈለገች፣ ደግሞ እኔ እንዳይከፋኝ ልትደብቀው ፈለገች፤ መሀል ቤት ቆማ ስታመነታ እኔው ተቀብዬ አየሁት። መልኩ አምሮበታል አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ የተቀመጥኩበት መሸብኝ።

የእኔው አሥራ አምስት ወሩ። በርበሬ ላክሁ፣ ዝም። በሰው በሰው አስጠየቅሁ፣ ዝም። እንደ ሰው አላየሽኝም ብሎ ይሆን? ሌላ ቤት አገኘ ይሆን? ለእሱ ብዬ ሰው ሳላገባ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ እንዲህ ብዬ ስናገር ግን ሰምታችሁኝ አታውቁም። በእሱ ምክንያት ጎረቤት ሲሸሸኝ ከደስታዬ የተነሳ አልታየኝም ነበር። አሁን ታየኝ።

ለአስተርእዮ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ቅጥሩን ተደግፌ ረገምኩት። በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ ረገምኩት፣ ንጋቱ። ያዘልኩህ ጀርባዬ ይፋረድህ፣ ባለህበት አገር የምትጎርሰው አይዋጥልህ አልኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ ገባሁና ልብሱን አውጥቼ፣ ያችን የተማሪ ቤት ሹራቡን ሳይቀር፣ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ሰጠሁ።

ስሙን ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ። እኔ ወንድም የለኝም። አንተ ግን ደህና ሁን፤ ከአንተ ጠብ የለኝም።

አሰጋሽ


አሰብ፣ የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ አሰጋሽ፣

ስሙን እንዳልጽፍ ነግረሽኛል። ይቅርታ አድርጊልኝና እጽፈዋለሁ። ቸሩ አልከዳሽም። ቸሩ ሞቷል። የሞተው ያን ቀን ነው፣ ጥቅምት 7 ቀን 1975፣ እሁድ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን የጻፍሽልኝን እርግማን ካነበብኩ በኋላ፣ ሽማግሌ ፈልጌ፣ ቀን ቆርጬ እስክልክ ድረስ እርግማኑ በሱ ላይ ሲያድር ለማየት አቅም አጣሁ።

ጀልባው አልተከተለውም። እንደተከተለው የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ሐሰት ነው።

ሑመድ ወደ ዒድ ሊሄድ ሲነሳ ጀልባውን አስረከበኝና አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፦ «ሰው ከታች ሲሆን መልሕቅ አትጣል። እሱ ሲሄድ አንተም ሂድ። በዚህ ወር ውሃው ጠባዩን ይለውጣል፣ ዓይንህን አታንሳ።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል። ቸሩ እኔን ያምነኝ ነበር፣ «ንጋቱ ካለ ሑመድ ባይኖርም ይቅር» አለ።

ሲወርድ አረፋው ይታየኝ ነበር፣ ሞተሩን ዝግ አድርጌ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ከጠባቡ የባሕር በር በኩል ነፋስ ተነሳና ባሕሩ ነጭ በነጭ ሆነ። የሞገዱ አረፋ የቱ እንደሆነ፣ የቸሩ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ፣ የለም። እትዬ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እናቴ እጄን ይዛ ስንገባ የምትለኝ ነገር ነበር፦ «ከጠፋሁብህ እንዳትከተለኝ። የጠፋሁብህ ቦታ ላይ ቁም፤ እኔ ተመልሼ እመጣለሁ።» አንቺም ለቸሩ ስትነግሪው ሰምቻለሁ። በእኛ አገር ይህን ሳይማር ያደገ ልጅ የለም። ያን ሰዓት የሑመድ ቃል ከጭንቅላቴ በኖ ጠፋና የእናቴ ቃል ብቻ ቀረ። መጨረሻ ያየሁበትን ቦታ መልቀቅ ፈራሁ። መልሕቁን ጣልኩ።

ቆምኩለት። ከዚያ ቦታ ክንድ ታህል ፈቀቅ ሳልል፣ እየተጣራሁ ጠበቅሁት። በታማኝነት የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እኔ በቆምኩ ቁጥር እየራቀ ነበር የሚሄደው። ቦምቦላው የሚይዘው አየር ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሲያልቅበት የትም ይሁን የት ከውሃው ወጥቷል። ወጥቶ ዞር ብሎ ጀልባ ፈልጓል። እንዴት እንደፈለገ፣ ስንት ሰዓት እንደፈለገ የማውቀው የለም፤ የማስበው ግን ይህንኑ ነው፣ ተኝቼም ተነስቼም።

ኋላ ነገሩ ሲገባኝ መልሕቁን ብስብ መርጃኑ ይዞ አልለቅ አለኝ። ገመዱን በቢላ ቆርጬ ጀልባውን በወራጁ አቅጣጫ ነዳሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዞርኩ። ምንም የለም።

በማግስቱ ሲጠይቁኝ ሰውዬው «ጀልባው ተከተለው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ይችው ናት። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት አቃተኝ። እነሱ ደግሞ ያችን ቃል ይዘው የመን ድረስ ሄዱ፤ እኔ ከሃዲ በሉት አላልኩም፣ ሲሉት ግን ዝም አልኩ። ላንቺ ልነግርሽ ስዘጋጅ ያ የእልልታ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንዴት አድርጌ ልውሰድብሽ? ዛሬ ነገ ስል ደስታሽ ወደ ንዴት ዞረ።

ሑመድ ከዒድ ሲመለስ የተቆረጠውን ገመድ አየ። ጫፉን በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ። «ጣልክ?» አለኝ። ጣልኩ አልኩት። ብቻውን ወጥቶ ደሴት ለደሴት ሁለት ሳምንት ፈለገው፤ በዚያ ወቅት ወራጁ ውሃ የሚተፋበትን ዳርቻ ሁሉ ያውቃል። ይዞ የመጣው አንዱን የእግር መቅዘፊያውን ነው፤ ጠላቂዎች የሚያጠልቁት የጎማ ጫማ ነው፣ ፊቱ የተዘረጋ። ተረከዙ ላይ ቸሩ በሚስማር የስሙን ፊደል ጭሮበታል። «ለእህቱ ላክ» ብሎ ሰጠኝ። አልላክሁትም። ይህን ሁሉ ጊዜ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። እሱ ከታየ የት ተገኘ፣ ጀልባው የት ነበር መባሉ አይቀርም ብዬ ነው።

ስለ ሻርኮቹ ጠይቀሽኝ ነበር። ጫማው ላይ የጥርስ ምልክት የለም። ሑመድም ዕድሜውን በሙሉ ሻርክ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፣ እነሱ አይደሉም ይላል። ምንም አላደረጉትም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በርበሬውም እዚህ ነው፣ ስፌቱ እንኳ አልተፈታም።

ይህን ደብዳቤ ለፍቅሬ ሰጥቼ ወደዚያ ክፍል እሄዳለሁ። ቃሌን አስተካክላለሁ፤ ስሙ ከዚያ መዝገብ ይውጣ። ሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፣ ይሁን። ጫማውን ፍቅሬ ይዞልሽ ይመጣል። እርግማኑን አንሺለት፣ እትዬ። በእኔ ላይ አድርጊው።

ንጋቱ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ንጋቱ፣

ፍቅሬ ነገሩን ካንተ አፍ ሰምቶ ስለነበር ደብዳቤህን ወዲያው በእጄ አልሰጠኝም። ሌሊቱን ገብቶ፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ ማንጠግቦሽንና ሁለት ሽማግሌዎችን ቀስቅሶ ጎህ ሳይቀድ ይዟቸው መጣ። ኮቴያቸውን ስሰማ አወቅሁ። አሥራ ስድስት ወር ዘግይተው እንደመጡ እነሱ አያውቁም፣ ገና ምንም እንዳልጠረጠርኩ ሁሉ እያባበሉ ቀስ አድርገው ነገሩኝ።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩለት። ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ያለውን ሁሉ በንዴቴ በትኜዋለሁ። የሚወጣ ነገር ያ ጎማ ብቻ ነበር። መሀል ድንኳኑ ላይ ወንበር አድርጌ፣ ነጭ ነጠላ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ከቦርከና በላይ ውሃ አይቶ ለማያውቅ ለቀስተኛ ነገሩ ግራ ሆነበት። አንዷ የዳክዬ እግር ነው ወይ ብላ በጆሮ ስትጠይቅ ሰማኋት፤ ሁለት ሕፃናት ሳቁና ተቆነጠጡ። እኔም ለአንድ አፍታ ሊያስቀኝ ነበር፤ ቸሩ ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። አበዛሽ የሚሏት አልቃሽ አለች፤ እሷም ቀርባ ጎማውን አገላብጣ አየችው። «በዚህ ነው የሄደው» አልኳት። ያኔ ነው የመጣላት፦

ጫማህን ለእህትህ ባንድ እግር ልከኸው፣
ሌላውን ተጫምተህ ወዴት ነው ያለኸው?

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የሸሸኝ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር አሉኝ።

እርግማኑን አንስቻለሁ። ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ በሞተ ሰው ላይ የተናገርኩትን ነገርኳቸው። ስግደት ሰጥተውኛል፣ እየሰገድኩ ነው፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በአንተ ላይ አላደረግሁትም። ሁለተኛ ልጅ ለመርገም አቅም የለኝም።

መልሕቁን ይቅር ልልህ እችል ይሆናል። የጠፋብህ ቦታ ላይ ቁም ብለን ያሳደግናችሁ እኛ ነን፤ እኔም እዚያ ጀልባ ላይ ብሆን እንዲሁ እቆም ነበር። አሥራ ስድስቱ ወር ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ወንድሜን ስጠብቀው፣ ኋላም ስረግመው፣ አንተ ጫማው ላይ ተኝተህ ነበር። ይህን ይቅር አልልህም። አንተ እንደዋሸኸኝ እኔ አልዋሽህም፤ ዛሬ አልችልም፣ ነገም የምችል አይመስለኝም።

ያለህበትን ፍቅሬ ነግሮኛል። ደብዳቤ ይገባል፣ ሲገባ ግን ከፍተው ያዩታል ብሎኛል፤ ይዩት። በርበሬውን አስመጣና ብላው፤ የእስር ቤት ወጥ ጣዕም የለውም ይላሉ።

ልትጽፍልኝ ይገባል፣ ንጋቱ። እሱን የሚያውቀው ሌላ ሰው የለኝም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ልጅ ሳለ ነው የሚያውቀው፣ ሰው ከሆነ በኋላ የነበረውን ያየህ አንተ ነህ። ያን እሁድ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ምን በላችሁ? ጠግቦ ነበር ወይ የወረደው?

አሰጋሽ